የአምባሰል አቀበትና የፋብሪካው ዋስትና

እሑድ፣ መስከረም አሥራ ስምንት ቀን፣ ከሐይቁ ዳር ዓሣ ገዝተን ስንመለስ በመካኒኩ በዝናው ጋራዥ በኩል ባናልፍ ኖሮ ይህን የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር። ወደ ቤታችን የሚወስደው ሌላው መንገድ አጭር ነው። ነገር ግን አንድ ጊዜ በዚያ በኩል ውሻ አባሮኛል። ውሻው ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖታል ቢሉኝም፣ ቡችሎች ትቶ ሊሆን ይችላል ብዬ እስከ ዛሬ በጋራዡ በኩል እዞራለሁ። የዚያን ቀን አብራኝ የነበረችው ልጄ ኑርሀያት መንገዱን ሁሉ በዚሁ ስትስቅብኝ ነበር።

ጋራዡ በር ላይ ስንደርስ አዲሱ ሚኒባሳችን ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። «በቃ፣ ተጋጭቷል! ሰውም ሞቷል!» አልኩ። ዓሣውን የያዘው ፌስታል ከእጄ ወደቀ። ወዲያው ከኮፈኑ ሥር የአያ ባድሩ ነጭ ቆብ ብቅ አለ፤ ሳቃቸውም ተከተለው።

«ኢንሳፍ! እንኳን መጣሽ! ነይማ፣ መኪናችን ዛሬ ጎረምሳ ሊሆንልሽ ነው!»

አያ ባድሩ የሟቹ ባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኑርሀያት አባቷ ሲሞት የአራት ዓመት ልጅ ስለነበረች ያሳደጓት እርሳቸው ናቸው፤ «አባባ» ብላ ነው የምትጠራቸው። በወጣትነታቸው የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሰውበታል፤ ስለ መኪና ሲናገሩ ሐይቅ ከተማ ዝም ብሎ ይሰማቸዋል። ሚኒባሱን ከሦስት ወር በፊት ሁለታችን ያለንን አዋጥተን፣ የወንበሩ ላስቲክ እንኳ ሳይነሳ ገዛነው። አንድ ቀን ወደ ደሴ፣ አንድ ቀን ወደ ውጫሌ የሚነዱት እርሳቸው ናቸው። ያ መኪና ቢቆም ሁለት ቤት ይቆማል። በዚያ ላይ ለግሸን ንግሥ ጎረቤታችንን እማማ ተሻለችን ወስደን እንመልሳቸዋለን ብለን ቃል ገብተንላቸዋል። እርሳቸውም ለማርያም ቃል ገብተዋል። የሁለት ሰው ቃል በአንድ ሞተር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ የሚወድቅ ይመስለኛል።

ዝናው በእጁ ከክብሪት ቀፎ ትንሽ የምትበልጥ ጥቁር ሳጥን ይዟል። ሽቦዎች ወጥተውላታል።

«ምንድን ናት እሷ?» አለች ኑርሀያት። ሳቋ ጠፍቷል። ልጄ ኮምቦልቻ በመኪና ጥገና ተመርቃ እዚያው የምትሠራ ስለሆነች፣ እኔ ያላየሁትን አይታለች።

«ጉልበት ሰጪ ናታ!» አለ ዝናው በኩራት። «ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣኋት። በሞተሩና በመኪናው ኮምፒውተር መሃል ትገባለች። ኮምፒውተሩ ናፍጣው ያነሰ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይጨምራል። መኪናው አቀበቱን እንደ ሜዳ ያየዋል።»

«ታታልለዋለች ማለት ነዋ» አለች ኑርሀያት።

«ታታልል እንጂ!» አሉ አያ ባድሩ። «ፋብሪካ መኪናን አስሮ ነው የሚልክ፤ ፈቺዎቹ እኛ ነን። በእኛ ጊዜ ናፍጣ የሚረጨው ፖምፓ ያልተከፈተለት መኪና አሰብ አይደርስም ነበር። አሁን ፖምፓ መክፈቱ ቀርቶ በሳጥን ሆነ እንጂ ነገሩ ያው ነው።»

ይህ የእርሳቸው ብቻ አሳብ አይደለም። በከተማችን አዲስ መኪና ሲገባ ሽማግሌዎች ዱዓ ያደርጉለታል፤ ከዚያ ዝናው ይከፍትለታል። ያልተከፈተለት መኪና ስም እንዳልወጣለት ሕፃን ነው የሚታየው። እኔም ብሆን ከልብ ልናገርና፣ መኪናው አቀበት ላይ ጉልበት አጥቶ ወደ ኋላ ሲንሸራተት በሐሳቤ ስንት ሌሊት አይቻለሁ። ስለዚህ «ይግጠምለት» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር። ደግሞ ሞተሩ በእሳት ሲያያዝ ታየኝና ዘጋሁት።

«አባባ፣ ፈቃድዎ ከሆነ፣ ከመግጠሙ በፊት አንድ ጥያቄ ልጠይቅ?»

«አሥር ጠይቂ፣ የኔ ዓለም። ዝናው ግን ሥራውን አያቆምም።»

«ለምን አስፈለገ?»

አያ ባድሩ ቆባቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ። ይህን ማውራት አልፈለጉም ነበር።

«ባለፈው ማክሰኞ፣ ከውጫሌ ወደ ግሸን በሚወስደው አቀበት ላይ፣ አሥራ አራት ሰው ጭኛለሁ። መኪናው ጥቁር ጭስ እያስነጠሰ በአንደኛ ማርሽ ይድሃል። ያ ሽታው የሚባለው ሹፌር በዚያ በአሮጌው፣ ከእኔ ጥርስ ቁጥር ይልቅ ብየዳው በሚበልጠው መኪናው መጣ። ጡሩምባውን ነፋ። በመስኮት ብቅ ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ጋሽ ባድሩ፣ ልግፋ ወይ?›»

ዝናው ሊስቅ ሲል ኮፈኑ ውስጥ ጭንቅላቱን ደበቀ።

«ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ» አሉ አያ ባድሩ። «ሃያ የማይሞላው ጎረምሳ ሳይቀር ሳቀብኝ። ከነገ ወዲያ እማማ ተሻለችን አስቀምጬ እዚያ ቦታ ላይ ልቁም? ወላሂ አልቆምም!»

«እውነት አለዎት፣ መቆም የለብዎትም» አለች ልጄ በአክብሮት። «እኔም የምጠይቀው እንዳይቆሙ ነው። ይህ መኪና ሦስት ዓመት ወይም መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር የፋብሪካ ዋስትና አለው። ሞተሩ ከፋብሪካው ጉድለት ይዞ ከመጣ፣ የሠራው ይጠግነዋል። ይቺ ሳጥን ግን ሞተሩ ከተሠራበት ልክ በላይ እንዲሠራ ታደርገዋለች። ያኔ ሞተሩ ቢቃጠል ‹እኛ ዋስ የሆንነው ለሰጠናችሁ ጉልበት ነው፤ ለጨመራችሁት ራሳችሁ ዋስ ሁኑ› ይሉናል። ቢሉንም እውነት አላቸው።»

ዝናው ጭንቅላቱን አወጣ። «እህቴ፣ እሱ ቀላል ነው። ለምርመራ ስትሄዱ እነቅላታለሁ፤ ስትመለሱ እገጥማታለሁ። ማን ያያል?»

«እሰይ!» አሉ አያ ባድሩ። «ይኸው ብልሃት!»

«አባባ፣ በግራና በቀኝ ትከሻችን ያሉት መላኢኮች ሥራቸው ምንድን ነው?»

«ይጽፋሉ» አሉ ግር ብሏቸው። «ደጉንም ክፉንም።»

«ማንም አላየኝም ተብሎ የተሠራውንስ?»

«እሱንማ አጥርተው ነው የሚጽፉ።»

«እንግዲህ ለምሳሌ ያህል፣ እዚህ ሞተር ውስጥም ጸሐፊ አለ።»

«አስተግፊሩላህ! ብረትን ከመላኢካ ጋር?»

«ለምሳሌ ነው አልኩ፣ አባባ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ። ኮምፒውተሩ የናፍጣውን ግፊት፣ የሞተሩን ሙቀትና ዙር ከነኪሎ ሜትሩ ይመዘግባል። ሳጥኗ ብትነቀልም ያስጻፈችው አይነቀልም። የጥገናው ባለሙያ መሣሪያውን ሲሰካ ‹ይህ ሞተር በዚህ ኪሎ ሜትር ላይ ከልኩ በላይ ተነድቷል› የሚል ያነባል። ሽቦው ላይም የተነካ ምልክት ይቀራል።»

እኔ ሳላስበው የግራ ትከሻዬን ዳሰስኩ። አያ ባድሩም እንደዚያው አደረጉ፤ ሳያቸው ግን አቧራ እንዳራገፉ ሆኑ።

«የጎረቤታችን የኢስሃቅ አዲሱ ፒክአፕ አሁን የት ነው?» አለች ልጄ።

«ጓሮው ቆሟል።»

«ምን ይሠራበታል?»

«ዶሮ ያድርበታል» አለ ዝናው። ከዚያ የተናገረው ለራሱ የተሰማው ይመስል ዓይኑን ሳጥኗ ላይ ተከለ። «ለሱም የገጠምኩለት እኔ ነኝ» አለ። «ካምቢዮው ተሰበረ። በተገዛ በስምንተኛው ወር፤ ድርጅቱም አልጠግንም አለው። ካምቢዮውን መች ነካሁት? ሞተሩን ነው እኮ የነካሁት!»

«ሞተሩ የጨመረውን ጉልበት የሚሸከመው ማን ሆነና፣ ጋሽ ዝናው? ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው ናቸዋ። ለአንድ ሰው ሸክም የተሠራ ጫንቃ ላይ የሁለት ሰው ቢጫን ይሰበራል። የኢስሃቅ ካምቢዮ ምናልባት ቀድሞውንም ከፋብሪካው ጉድለት ኖሮበት ይሆናል። ነገር ግን ማን ይመሰክርለታል? ሳጥኗ ገብታ ምስክሩን ሁሉ አበላሸችው።»

አያ ባድሩ በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። ትንሽ ተንጎራደዱና አዲስ ጥይት አገኙ።

«እንግዲያማ ምንም አንንካ! የጣሪያውን ዕቃ መጫኛ ያስገጠምነው እኛ ነን። የወንበሩን ልብስ ያሰፋችው እናትሽ ናት። ይህም ዋስትናውን ገደለዋ? ነይ ኢንሳፍ፣ ልብሱን ቅደጂው!»

እኔ እውነት መስሎኝ ወደ በሩ ሄጄ ነበር። ልጄ ክንዴን ያዘችኝ።

«የለም፣ አባባ። የወንበር ልብስ ሞተር አያቃጥልም። ለውጥ ሁሉ ዋስትናን አይገድልም፤ እያንዳንዱ ለውጥ የሚጠየቀው በነካው ነገር ነው። መጫኛው ጣሪያውን ቢያጎብጠው ወይም ውኃ ቢያስገባ የጣሪያው ጥፋት የእኛ ነው። ነገር ግን ሞተሩ ቢበላሽ ማንም ‹መጫኛ ስላላችሁ አንጠግንም› ሊለን አይገባም። ጉዳቱን ያመጣው ለውጡ ነው የሚል ሰው፣ እንዴት እንዳመጣው ያሳያል። ከሥር ጭነቱን የሚሸከመውን ባሌስትራ ቢጨምሩ የሚጠየቁት ስለ ባሌስትራውና አብሮት ስለሚሠራው ነው። ይቺ ሳጥን ግን የምትነካው ልቡን ነው፤ ልብ ደግሞ የማይደርስበት የለም።»

«ደህና ይናገራል ይህ ልጅ» አሉ አያ ባድሩ ወደ ዝናው ዞረው። ሲደሰቱባት «ልጄ» ማለት ትተው እንደ ወንድ ነው የሚጠሯት። «ግን አቀበቱ? ንግግር አቀበት አይወጣም!»

«መኪናው ከተገዛ ጀምሮ ነው አቀበት የሚፈራው?»

«ኧረ! የመጀመሪያው ወር እንደ ፍየል ነበር የሚዘለው። በሦስተኛ ማርሽ ወጥቼበታለሁ።»

«እንግዲያ ማን አሰረው? ፋብሪካው ተመልሶ መጥቶ አሰረው?»

ዝናው ሳጥኗን ቀስ ብሎ መሬት ላይ አስቀመጣት። ለካ ሰው ሁሉ «መኪናው ታስሯል» ሲል መኪናው ታምሞ ነበር!

ኑርሀያት ለሥራዋ የምትይዘውን ትንሽ መሰኪያ ከቦርሳዋ አውጥታ ከመሪው ሥር ሰካችና ስልኳን ከፈተች። ሁላችንም አንገት ላንገት ተደራርበን ስልኩን አየን። «ይኸው» አለች። «ማክሰኞ ጽፎታል። ‹ወደ ሞተሩ የሚገባው አየር ግፊት አንሷል› ነው የሚለው። ናፍጣ አላነሰውም። አየር ነው ያነሰው! ለዚህ ነው ጥቁር ጭስ ያለው። አየር ላጠረው ሞተር ናፍጣ ልንጨምርበት ነበር!»

«አየር የሚያንሰውማ የሚያመልጥበት ቦታ ሲኖር ነው» አለ ዝናው። እዚህ ላይ እውነቱን መናገር ይገባኛል፦ ልጄ ትምህርትና ስልክ ነበራት፤ ጆሮ ያለው ግን ዝናው ነበር። «ጋሽ ባድሩ፣ ይግቡና ያስነሱት። ስልዎት ነዳጁን ይርገጡት!»

ሞተሩ ተነሳ። ዝናው የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። «ይርገጡ!... ይተዉ!... እንደገና!» ከዚያ ፊቱ በራ። «ያፏጫል! እትዬ ኢንሳፍ፣ ያቺን የሳሙና አረፋ ያቀብሉኝ!»

አቀበልኩት፤ ግማሹን ጫማዬ ላይ ደፋሁት። የቀረውን አየር ወደ ሞተሩ ከሚገፋው ቱርቦ በሚወጣው ወፍራም የጎማ ቱቦ ላይ አፈሰሰው። አያ ባድሩ ረገጡ። ከቱቦው እጥፋት ሥር፣ ዓይን በማይደርስበት፣ አረፋው እንደ ሕፃን አፍ ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ።

«አገኘነው!» ብዬ የጮኽኩት እኔ ነኝ። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። አያ ባድሩ ከመኪናው ወርደው አረፋውን በጣታቸው እየነኩ፣ «ሱብሓነላህ! እኔ ሽማግሌ ነው ብዬ ሳማው፣ ለካ ሳንባው ተቀዷል!» አሉ።

«ላስረው?» አለ ዝናው ቶሎ ብሎ። «በጎማና በሽቦ ጥርቅም አድርጌ አስረዋለሁ።»

«አይ፣ ጋሽ ዝናው፤ እባክዎ ይህ ቁስል ሳይደበቅ ዋስ የሆነው ሰው ይየው። ሳጥኗን ገጥመን ቢሆን ኖሮ፣ አየር አጥሮት ናፍጣ ተጭኖበት፣ ቱርቦው እስከ ግሸን እንኳ መድረሱን እጠራጠራለሁ። ያኔ ‹ቱቦው ነው› ብንል ማን ያምነናል? እማ፣ የዋስትናው ደብተር የት ነው?»

እዚህ ላይ የእኔ ኃጢአት መጣ። ደብተሩን የገዛን ዕለት፣ ይጠፋል፣ ይቀደዳል፣ አይጥ ይበላዋል ብዬ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ከሠርግ ልብሴ ሥር ቆልፌበት ነበር። ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረስኩ ሰው ነኝ፤ ማንበብ እችላለሁ፤ አንድ ገጽ ግን አላነበብኩም። እየሮጥኩ ሄጄ አመጣሁት፤ ስቸኩል በአጭሩ መንገድ መሄዴን እንኳ ያወቅኩት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ውሻ አልነበረም።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። በፋብሪካ ጉድለት የሚመጣ ብልሽት ያለ ክፍያ ይጠገናል ይላል። ያለ ድርጅቱ የጽሑፍ ፈቃድ የሞተሩን ኃይል የሚቀይር ዕቃ ወይም ፕሮግራም ለሚያመጣው ጉዳት ግን ዋስትና የለም ይላል። ልክ ልጄ እንዳለችው። ገጹን ገለጥኩ። «የመጀመሪያው ሰርቪስ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር ሳይሞላ በድርጅቱ የጥገና ማዕከል ይደረጋል» ይላል።

«አሁን ስንት ነው?» አለች ኑርሀያት።

አያ ባድሩ አጎንብሰው አዩ። «አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ ስድስት።»

ተቀመጥኩ። መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። ግሸን ሄደን ብንመለስ ኖሮ ልኩን አልፈነው ነበር። ከሳጥኗ የዳነው ዋስትና በእኔ ሳጥን ውስጥ ታፍኖ ሊሞት ነበር።

አያ ባድሩ ግን አንድ ጥርጣሬ ቀርቷቸዋል፤ ጥርጣሬው የእኔም ነበር። «ልጄ፣ የጻፉትን እናትሽ አነበበችልኝ፤ ደግ። ሲሸጡልን ፈገግ ያሉ ሰዎች፣ ተበላሸ ስንላቸውስ ፈገግ ይላሉ? ‹እናንተ ባላገሮች ሰበራችሁት› ቢሉኝስ? በእርጅናዬ የሚዋሽ ሰው መባል አልሻም።»

«ነገ ኮምቦልቻ ወዳለው የድርጅቱ የጥገና ማዕከል አብረን እንሂድ። እኔ የምሠራው በሌላ ጋራዥ ስለሆነ የሚያዳላልኝ የለም። ካልጠገኑልን ማታውኑ ተመልሰው ሳጥኗን ያስገጥሙ፤ አንዲት ቃል አልተነፍስም።»

«ዝናው ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ፣ ጋሽ ባድሩ። ሳጥኗም ሰምታለች።»

ሰኞ ማለዳ ከፈጅር ሶላት በኋላ ተነሳን። ከሐይቅ እስከ ኮምቦልቻ ዓይኔን ከቁጥሩ ላይ አላነሳሁም። ደሴ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሌላ መንገድ ዙሩ እንዳይሉን ዱዓ አደረግሁ። የጥገናው ማዕከል በር ላይ ስንቆም አራት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ ዘጠኝ ይላል። ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ቀርቶን ነበር!

ባለሙያው ወጣት ነው፤ ትሑት ነው። መሣሪያውን ሰካ። እየቆየ፣ እያነበበ፣ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ሄደ። አያ ባድሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው እንደ ተፈታኝ ቆመዋል። እኔ «አሁን አንድ ነገር ያገኛል» እያልኩ ነበር።

«አባት፣ ይህን ሞተር ማንም አልነካውም» አለ በመጨረሻ። «እንደተሠራ ነው ያለው።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ አያ ባድሩ፤ የልጃቸው ፈተና ውጤት የተነበበ ይመስል ደረታቸው ተነፋ። ከዚያ ሳይጠየቁ፣ «ልንነካው ግን ነበር» አሉ። ባለሙያው ሳቀ።

ቱቦው ወጣ። እጥፋቱ ውስጥ ጎማው ሲሠራ ሳስቶ የቀረ ቦታ ነበረው፤ እዚያው ላይ ተሰንጥቋል። «ከአሠራሩ ነው፤ ዋስትናው ይሸፍነዋል» ብሎ ጻፈ። ከሰዓት በኋላ አዲስ ቱቦ ገባ። እኛ የከፈልነው የሰርቪሱን ዘይት ብቻ ነው። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ማኅተም ሲያርፍ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። አያ ባድሩ ሊወጡ ሲሉ ተመለሱና፣ «ስለ ጣሪያው መጫኛ ጥያቄ ነበረኝ» አሉ። ባለሙያው መጫኛውን አየው፤ ምን ያህል ክብደት መሸከም እንደሚችል ነገራቸው። «በወረቀት አድርግልኝ» አሉት። ሰው በአንድ ቀን እንዲህ ይለወጣል።

ማክሰኞ መስከረም ሃያ ሚኒባሱ ሞልቶ ከሐይቅ ተነሳን። ነጭ የለበሱ የግሸን ተጓዦች ከኋላ፣ እማማ ተሻለች ከእኔ አጠገብ፣ ኑርሀያት ከፊት ከአያ ባድሩ ጎን። እኔ ግሸን ምን ጉዳይ አለኝ? መኪናው ከቆመ አብሬ ልቁም ብዬ ነው የሄድኩት። ደብተሩን በላስቲኩ እንዳለ በደረቴ ይዤዋለሁ።

ከውጫሌ አልፈን አቀበቱ ተጀመረ። ደብተሩን በሁለት እጄ ጨመቅሁት። እማማ ተሻለች እጄን ያዙና፣ «አንች ልጅ፣ እኔ ነኝ የተሳልኩት፤ አንች ምን ያንቀጠቅጥሻል?» አሉ።

«ያ ቦታ መጣ» አሉ አያ ባድሩ። ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነበሩ። ነዳጁን ረገጡ። ሞተሩ አላጓራም፣ አልሳለም፤ ረጅም ትንፋሽ የሳበ መሰለ። ከዚያ ሦስተኛ አገቡ። ሦስተኛ! ወንበሩ ጀርባዬን ገፋኝ። ከኋላ እልልታው ፈነዳ። ወደ ኋላ በመስተዋት አየሁ፤ ጭስ የለም፣ መንገዱና ሰማዩ ብቻ። አያ ባድሩ መሪውን በመዳፋቸው እየመቱ በአምባሰል ቅኝት ማንጎራጎር ጀመሩ፤ ድምፃቸው እንደዚያ ያምራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ኩርባውን ስንጨርስ አንድ መኪና ከመንገድ ዳር ቆሟል። ኮፈኑ ተከፍቶ እንፋሎት ይወጣዋል። የሽታው መኪና ነው። ተሳፋሪዎቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

«ጡሩምባ!» አለች ኑርሀያት እየሳቀች።

አያ ባድሩ እጃቸውን ወደ ጡሩምባው ዘረጉ። ከዚያ መለሱት። ዳር ይዘው ቆሙና ወረዱ፤ ውኃ የያዘውን ጀሪካን አወረዱ። ሽታው ስድብ የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበረው።

«ክዳኑን አትክፈት፣ መጀመሪያ ይብረድ» አሉት። «ለመሆኑ አስከፍተኸዋል?»

«አምና፣ ዝናው ጋ» አለ ሽታው። «ሜዳ ላይ ይበራል። ጭኖ አቀበት ላይ ሲወጣ ግን ይኸው ይፈላል።»

«የአንተ አሮጌ ነው፤ ዋስትናውን ጊዜ ወስዶታል። አዲስ ስትገዛ ግን ስማኝ። የምትጨምረው ነገር ምን እንደሚነካ ሳትጠይቅ አታስገጥም፤ ሞተሩን የሚነካ ከሆነ ዋሱን በጽሑፍ አስፈቅድ። ሰርቪሱን በቀኑ አድርግ፤ ወረቀቱን ያዝ። ጉልበት ያጣ መኪና ታሟል እንጂ አልታሰረም፤ ከመግረፍህ በፊት አስመርምረው። እንዲህ ካደረግህ በአንተ ጥፋት ያልመጣን ብልሽት በአንተ ጫንቃ አትሸከምም። ልጆችህ በልተው ያድራሉ፣ መንገደኛህ ይደርሳል፣ አንተም አትዋሽም።»

እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። እነዚህ ቃላት እሑድ ዕለት ከልጄ አፍ የወጡ ናቸው፤ እርሳቸው ግን ከአሰብ መንገድ ያመጧቸው ይመስሉ ነበር። ኑርሀያት ጠቀሰችኝ። ምክር ሰሚውን ካሸነፈ ይበቃል፤ ባለቤትነቱ የማንም ይሁን። ዝናውም ሳጥኗን ወደመጣችበት መልሷታል፤ አሁን በጆሮው ነው የሚሠራው፤ ዋስትና ያለው መኪና ሲመጣለት በመጀመሪያ «ደብተሩ የት አለ?» ይላል።

ከሽታው ተሳፋሪዎች ሁለት አቅመ ደካሞችን በእኛ መኪና አጠጋጋንና ልንነሳ ስንል፣ ሽታው በመስኮቱ በኩል ተጠጋ። የእኛን ሞተር ድምፅ በአድናቆት እያዳመጠ ነበር።

«ጋሽ ባድሩ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፤ ባለፈው ማክሰኞ እንደዚያ ሲድህ አይቼዋለሁ። ምን አስገጥመውለት ነው?»

አያ ባድሩ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ከደረቴ አውጥቼ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከላስቲኩ ፈትቼ ሰጠኋቸው። በመስኮቱ ከፍ አድርገው አሳዩት።

«ደብተር!»